ልክ

ገበያ ያልዋለ ዕለት፣ ሰማይዋ ዝናብ አርግዛ፣
ነጭ መኪና ቆመች ቡሬ፣ የሱቄን በር ይዛ።
ናሆም እባላለሁ አለኝ ልጁ፣ የማስታወቂያ ሰው፤
«ጋሽ አንማው፣ ሙሉ ልብስ፣ ከነከረባቱ፣ ለነገ።»
«ለማን?» አልሁት።
የኋላውን በር ከፈተና አሳየኝ።
በፍርግርግ ውስጥ፣ አገጩን በጉልበቱ አስደግፎ የተቀመጠ
ሰው መሰለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣
መጀመሪያ ሰው መሰለኝ።

«ቺምፓንዚ ነው» አለኝ።
የኛን ዝንጀሮ አውቃለሁ፤ ከደጀን ቁልቁለት፣ ከአባይ አፋፍ፣
በቆሎ ሲዘርፍ፣ ሹፌር ሲገላምጥ፣
ልጁን በጀርባው አዝሎ ገደሉን ሲወርድ እንደ ደረጃ።
ይሄ ግን ጭራ የለው፣ ገደል የለው፣ ወገን የለው፤
ከኮንጎ ጫካ በሣጥን የመጣ፣
ሳሙና ሊሸጥ።

«በዚህ ሳሙና ከታጠበ፣ ዝንጀሮም ሰው ይሆናል!»
ማስታወቂያው ይህ ነው። ሳቅሁ። መዋሸት ምን ይረባል።

ሜትሬን ከአንገቴ አወረድሁ። ትከሻ፣ ሠላሳ ሁለት።
ሠላሳ ዓመት ስሰፋ፣
እጅጌው ከሱሪው የሚረዝም ደንበኛ አልገጠመኝም።
ዝም ብሎ ተለካ፣ አባቱ ፊት እንደቆመ ልጅ።
አፉን ሲከፍት የፊት ጥርሶቹ የሉም።
«የወተት ጥርሱ ነው የወለቀ?»
«አይ፣ እንዳይነክስ ነው» አለኝ ናሆም፣
ስልኩን እየነካካ።

ከዚያ እጁን ዘረጋ። የሜትሩን ጫፍ ያዘ፣
አዙሮ አዙሮ በእጄ አንጓ ላይ ጠመጠመው፣
ቀና ብሎም አየኝ፣
ቁጥሩን እስክናገር የሚጠብቅ ይመስል።
ጥፍሩ እንደ ጥፍሬ ነው። መዳፉ ላይ መስመር አለ፤
ዕድል አንባቢ ቢያገኝ ያነብለት ነበር።
«ዐሥራ ሰባት» አልሁት በሹክሹክታ፣ የራሴን ልክ።

«ይቺን ቅረጽ! ይቺን ቅረጽ!»
ካሜራው ተነሣ፤ መብራቱ ፊቱ ላይ ፈነዳ፤
ድዱ እስኪታይ ከንፈሩን ገለጠ።
«አያችሁ? ሳቀ!» ተባለ።
እኔ እጁን ይዤ ነበር።
የሚስቅ ሰው እጅ እንዲያ አይንቀጠቀጥም።

ሁለት ሺህ ብር፤ ከዋጋዬ እጥፍ ነው፤ ተቀበልሁ።
ቆርቆሮ ገዛሁበት፤ ያን ክረምት ቤቴ አላፈሰሰም።
ሌሊቱን ሰፋሁ፤ ገበር አገባሁ፣ ቁልፍ ተከልሁ፣
መርፌው ሦስቴ ወጋኝ፤ ጨርቁን አቆሽሽ ብዬ
ደሜን ላስሁት።

በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ማስታወቂያው ወጣ።
የሽመቤት ሻይ ቤት ታጭቀን አየነው፤
ከረባቱን አስሮ፣ አረፋ ውስጥ ቆሞ፣
ከዚያ እኔ፣ ከነሜትሬ፣
ከዚያ ያ «ሳቅ»።
ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ነው። ትከሻዬን መቱኝ፤
«የዝንጀሮው ሰፊ!» ተባልሁ፤ ስሜ ሆኖ ቀረ።
የቅኔ ተማሪው ሽታሁን ብቻ
«ሰሙ ሳሙና ነው፤ ወርቁ እኛ እንዳንሆን» አለና
ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

ዝንጀሮ የራሷን መላጣ ሳታይ በጎረቤቷ ትስቃለች፣
ይላል ያገሬ ሰው። ማን አይቷት እንደሁ እንጃ።
እኔ ሲስቅ ያየሁት ሻይ ቤቱን ነው።

በዓመቱ ለናሆም ደወልሁ።
«አደገ፣ ጋሼ። አልታዘዝ አለ። ሸጥነው።»
«ለማን?» አልሁት፤ ለሁለተኛ ጊዜ።
መስመሩ ተቋረጠ፤ ወይም ዘጋው።

መዝገቤ ይኸው፤ ትከሻ፣ ወገብ፣ እጅጌ፣ ሁሉም ተጽፏል፤
ስም የሚለው ባዶ ነው፤ ጠይቄም አላውቅ።
«ልክ ነህ፣ ሥራህን ነው የሠራህ» ይሉኛል ሰዎች።
ልኩንስ ወስጃለሁ። ልክ መሆኔን ግን
ሜትሩ አይነግረኝም።

የልጅ ልብስ ስሰፋ አንድ ልማድ አለኝ፤
ሲያድግ ይፈታለት ብዬ
እጅጌው ላይ ሦስት ጣት ትርፍ አጥፋለሁ።
ለእርሱም አጥፌለት ነበር።
በውስጥ በኩል ነው፤
በካሜራ አይታይም።